ሙሉ ልብስ ለኤሪቫን

ኦገስት 4፣ ሰኞ

ዛሬም ሰባት ፊት ጠረግኩ። ሰባት! አንዱ ምስጥ የበላው፣ አንዱ ዝናብ የመታው፣ አንዱ ደግሞ ለሁለት ተቀዶ በፕላስተር የተለጠፈ… ማን እንደቀደደው አልጠየቅኩም። አንገቴ ደርቋል።

ፎቶ ቤት ሥራ ከገባሁ ሦስት ወር ሆነኝ። ጫማ ፋብሪካ አስራ ሰባት ዓመት ሶል ስሰፋ ኖሬ፣ እጄ እምቢ ሲል ወጣሁ። አሮጌ ካሜራ ገዛሁና ፎቶ አንሺ ልሆን ነው ብዬ ተነሳሁ። በአርባ ዓመቴ! የፎቶ ቤቱ ባለቤት ሜስትሬ አብዶራል ካሜራዬን አገላብጠው አዩና፣ መጀመሪያ የተበላሸ ፊት መጠገን ልመጂ፣ ማንሳቱ ይደርሳል አሉኝ። ከተማው ሁሉ ሜስትሬ፣ መምህር እንደማለት፣ ነው የሚላቸው። አርባ ዓመት ፎቶ በብሩሽ ሲቀቡ ኖረው፣ እጃቸው መንቀጥቀጥ ሲጀምር በስድሳ ዓመታቸው ኮምፒውተር የተማሩ ሰው ናቸው። እሳቸው በስድሳቸው ከቻሉ እኔ በአርባዬ ምን ያቅተኛል? ብዬ ነበር።

ብዙ ነገር አቃተኝ።

ሥራው ያው ነው። ከገጠር ጉርድ ፎቶ ይመጣል፣ ከጀርባው ትዕዛዙ ተጽፎበታል። «ባርኔጣውን አውልቁለት።» «ዓይኑን ክፈቱለት።» «ከሚስቱ ጋር አንድ ላይ አድርጓቸው፣ አብረው ተነስተው አያውቁም።» መጨረሻው ግን ለሁሉም አንድ ነው። ከኋላቸው ሰማያዊ፣ ለወንዱ ሙሉ ልብስና ከረባት፣ ለሴቷ የአንገት ሐብል። ኮምፒውተሩ ውስጥ ሦስት ሙሉ ልብስ አለን፤ ጥቁር፣ ቡናማና ጥቁር ሰማያዊ። የአገሩ ሟች ሁሉ እነዚህን ሦስቱን ሲዋዋስ ይኖራል።

ቤት ስደርስ እማዬ ደጅ ቆማ ነበር። አስራ አንድ ሰዓት ላይ ከሳኦ ፓውሎ የሚመጣው አውቶብስ ያልፋል። ወንድሜ ኤሪቫን ዛሬም አልወረደም። ቦሎቄና የካሳቫ ዱቄት በልተን ተኛን።

ኦገስት 6፣ ረቡዕ

ሜስትሬ ስለ ወንድሜ ጠየቁኝ። ምን አለ የሚነገር? ታናሼ ነው። በሃያ ሦስት ዓመቱ የግንባታ ሥራ ብሎ ሳኦ ፓውሎ ሄደ። ሁለት ደብዳቤ ጻፈ፣ አንዴ ደወለ፣ ከዚያ ዝም። አስራ አራት ዓመት። ሞቷል እንዳይባል መርዶ አልመጣ፣ አለ እንዳይባል ድምፁ የለ። ጉርድ ፎቶውን አምጪውና እኔ ራሴ እሠራዋለሁ፣ ግድግዳ ላይ ይሰቀል አሉኝ። ደግ ሰው ናቸው።

ለእማዬ ብነግራት ማንኪያዋን አስቀመጠች።

«ሙሉ ልብስ የሚለብሰው መንገዱን የጨረሰ ነው። የኔ ልጅ ገና መንገድ ላይ ነው።»

በቃ። ፎቶው ከጸሎት መጽሐፏ አይወጣም። አባዬ ግን ግድግዳው ላይ በቡናማ ሙሉ ልብስ አለ፤ ሜስትሬ ናቸው የቀቡት፣ ያኔ በብሩሽ። በሕይወቱ ከረባት አስሮ አያውቅም ነበር።

ኦገስት 9፣ ቅዳሜ

ተዋረድኩ።

ሽማግሌው አንሴልሞ የሚስቱን ፎቶ ሊወስድ መጣ። በሜይ ነው የሞተችበት። ሁለት ቀን የለፋሁበት ሥራ ነው። ሽብሽቧን አንድ በአንድ ጠርጌ፣ ግንባሯን እንደ ሳህን አጥቤ፣ ከንፈሯ ዳር ያለችውን ጥቁር ነጥብ እንኳ ሳላስቀር። ኮርቼበት ነበር እኮ። ሰውየው አየው። ገልብጦ ጀርባውን አየ። መልሶ አየ።

«ቆንጆ ናት» አለ። «የማን ሚስት ናት?»

ሜስትሬ ሳቃቸውን በመሐረብ ያዙት። ምነው ምድር ተከፍታ በዋጠችኝ። ሰውየው ሲሄድ አጠገባቸው አስቀምጠው እንደገና አስጀመሩኝ። አቧራ ያመጣውን ጥረጊ፣ ሴትየዋ ራሷ ያመጣችውን ተዪላት አሉ። ነጥቧን መለስኩ። ከዓይኗ ሥር ያለውን መለስኩ። አንድ አንዱን እየመለስኩ ስሄድ አንዲት ሴትዮ ከስክሪኑ ውስጥ ቀስ እያለች መጣች… ቁጡ፣ ሳቂታ፣ ትንሽም ነገረኛ ቢጤ። አላውቃትም፣ ግን ገረመችኝ። ሦስት ወር ሙሉ ስጠርግ የኖርኩት ይሄንን ነው? ሰኞ ሰውየው ይመለሳል።

ኦገስት 14፣ ሐሙስ

ዓይኔ። ዓይኔ። ዓይኔ።

ኦገስት 17፣ እሁድ

እማዬን ላነሳት ብል እጇን ፊቷ ላይ አደረገች። ለማን ነው የምታነሺኝ፣ ገና አልሞትኩም አለችኝ። ዝም ብዬ ደጁን አነሳሁ። የቀትር ፀሐይ ሁሉንም አነደደችው፤ ነጭ፣ ባዶ። ኮምፒውተር ላይ ላጨልመው ብሞክር የሌለ ነገር ከየት ይመጣል? የጨለመ ተደብቆ ነው ያለው፣ የተቃጠለ ግን ሄዷል ይላሉ ሜስትሬ። ጠዋት፣ በጥላ በኩል ማንሳት ነበረብኝ። ጠዋት ማን ጊዜ አለው?

ኦገስት 27፣ ረቡዕ

ከባድ ትዕዛዝ ነበር፣ ዛሬ አለቀ። ባለፈው ሳምንት አንድ የስድሳ ዓመት ሰው የአባቱን ፎቶ አመጣ። አባትየው የሞተው በሃያ አምስት ዓመቱ ነው፤ ያለው ፎቶ ያ ብቻ። ጎን ለጎን ስናደርጋቸው አባት ልጅ፣ ልጅ አባት መሰለ። አባቴን አስረጁልኝ፣ እኔም ልጅ ልሁን አለ ሰውየው። እየሳቀ ነው ያለው፣ ዓይኑ ግን አልሳቀም።

ሜስትሬ አሳዩኝ። አጥንት አያረጅም፣ ሥጋ ነው የሚወርደው። አፍንጫና ጆሮ ትንሽ ይጨምራሉ። ሽብሽቡን ከልጁ ተበደሪ፣ ዘር ስለሆነ ይገጥማል አሉኝ። ከልጁ ግንባር ቀዳሁ፣ አባትየው ላይ በስሱ ደረብኩ፣ አደበዘዝኩ፣ አልሆነም፣ አነሳሁ፣ እንደገና… አራት ቀን። ዛሬ ሰውየው ሲያየው ባርኔጣውን አወለቀ። ለኔ አይደለም፣ ለአባቱ ነው።

ደክሞኛል። ግን የጫማ ፋብሪካው ዓይነት ድካም አይደለም። ወደ ቤት ስሄድ አንድ ነገር ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። ኤሪቫን ዛሬ ሠላሳ ሰባት ነው። ምን ይመስል ይሆን?

ተይ ኔቴ፣ አልኩ ለራሴ። ተይ።

ሴፕቴምበር 5፣ ዓርብ

አልተውኩም።

እማዬ ከምሳ በኋላ መረብ አልጋዋ ላይ ስታሸልብ ጉርዱን ከጸሎት መጽሐፏ አወጣሁ፣ በካሜራዬ አነሳሁት፣ መለስኩት። እንደ ሌባ። ሳምንቱን ሙሉ በምሳ ሰዓት ሠራሁበት። ሽብሽቡን ከማን ልበደር? ከራሴ ነዋ። ጠዋት በጥላው በኩል ግድግዳ ሥር ቆሜ ራሴን አነሳሁ፤ ብርሃኑ ለመጀመሪያ ጊዜ ልክ መጣልኝ። ዓይኔ ዳር ያለውን ሰጠሁት፣ አፌ ዳር ያለውን ሰጠሁት። ትንሽ አወፈርኩት። ከጆሮው በላይ ሽበት ጣል ጣል አደረግኩ። ሙሉ ልብስ አላለበስኩትም፣ ተራ ሸሚዝ ነው። ጀርባውንም ሰማያዊ አላደረግኩትም፣ አንድ የግንብ ግድግዳ አቆምኩለት፣ እዚያ ከተማ ያለ እንዲመስል። ከዚያ በወረቀት ልየው ብዬ አተምኩት።

አየኝ። ወንድሜ አየኝ። እስከ ዛሬ ከሠራሁት ሁሉ… አለቀስኩ እንዴ? አይ፣ ዓይኔ ነው የደከመው። ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩት። መቅደድ ነበረብኝ።

ሴፕቴምበር 8፣ ሰኞ

እማዬ የደም ግፊት መድኃኒቷን ቦርሳዬ ውስጥ ስትፈልግ አገኘችው። እኔ ጓሮ ልብስ አጥባለሁ። ስገባ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፣ ፎቶው ጭኗ ላይ ነው።

«መቼ ላከው?»

እኔ ነኝ የሠራሁት። ሦስት ቃል። አፌን ከፈትኩ፣ አልወጣ አለኝ።

«ወፈረ እኮ» አለች። «የሚያበላው ሰው አግኝቷል።»

ዝም አልኩ። ዝም ማለትም ውሸት ነው? ነው እንጂ፣ ምን ይጠየቃል።

ሴፕቴምበር 11፣ ሐሙስ

ሰፈሩ ሁሉ አየው። ጎረቤታችን ዶና ሊንዳልቫ መነጽሯን ሁለት ጊዜ ወልውላ አየችው። የት ከተማ ነው ያለው? አግብቷል? እስከ ዛሬ ምን ዋጠው? የምትጠይቀው እኔን ነው። የመለሰችላት እማዬ ናት፤ ሰው ሲቸገር ያፍራል፣ ሲያልፍለት ይጽፋል አለቻት። ሊንዳልቫ ግን የኔን ፊት ነው የምታየው። ያቺ ሴትዮ ምን ያመልጣታል?

ትላንት እማዬ ሁለቴ ጨምራ በላች። ሰሃን ስታጥብ አንጎራጎረች፣ አባዬ ከሞተ ወዲህ ሰምቼው የማላውቀውን። ይሄንን እንዴት ብዬ ልቀማት?

ነገ እነግራታለሁ።

ሴፕቴምበር 12፣ ዓርብ

አልነገርኳትም።

ሴፕቴምበር 15፣ ሰኞ

የእመቤታችን በዓል። ተሳላሚው ከተማችንን ጁዋዜሮን ሞላት፤ የጭነት መኪናው፣ የገለባ ባርኔጣው፣ ርችቱ። ፎቶ ቤት ቀኑን ሙሉ ቁጭ አላልኩም። እግሬን እየጎተትኩ ቤት ስገባ እማዬ ሻሽ አስራለች። ምነው፣ ራስሽን አመመሽ? አልኳት። ፈታችው።

ፀጉሯ የለም።

ያ እስከ ወገቧ የሚወርደው ጉንጉን፣ አስራ አራት ዓመት መቀስ ያልነካው። ስለት ነበረባት። ከሊንዳልቫ ጋር ተሳላሚ የሚወጣውን ተራራ በእግሯ ወጥታ፣ በሰባ ሁለት ዓመቷ፣ ስለት ቤት ግድግዳ ላይ ሰቅላው መጣች። የዳኑ ሰዎች ካስገቧቸው የእንጨት እግሮችና የሰም እጆች መሃል።

«ስለት ስለት ነው» አለችኝ። ሌላ አልጨመረችም።

ምን አደረግኩ እኔ? ስክሪን ላይ ቢሆን አንድ ቁልፍ ተጭኜ እመልሰው ነበር። ምን ዓይነት ልጅ ነኝ… ራት አልበላሁም። እሷ በላች።

ሴፕቴምበር 22፣ ሰኞ

ለሜስትሬ ተናዘዝኩ። ይቆጡኛል ብዬ ነበር፤ ቢቆጡኝ ይሻለኝ ነበር። ኤሪቫንን ስክሪኑ ላይ አጉልተው አዩት። ጥሩ ነው፣ ጆሮው ላይ ብቻ ብርሃኑ ከሌላ በኩል መጥቶብሻል አሉ። ከዚያ ስክሪኑን አጠፉት።

«አርባ ዓመት የሙታን ዓይን ስከፍት ኖሬያለሁ» አሉ። «ግን ያዘዘኝ ሰው እኔ እንደከፈትኩት ያውቃል። አንቺን ማን አዘዘሽ?»

ከሙታን ቀን በፊት ንገሪያት አሉኝ። በዚያ ቀን አገር ሁሉ ሻማ ይዞ መቃብር ሲወጣ፣ እማዬ ለአባዬ ታበራና ለኤሪቫን ሳታበራ ትመለሳለች፤ በየዓመቱ። ዘንድሮም በውሸት እንዳትመልሻት አሉ። አውቃለሁ። ማወቅ ምን ይጠቅማል?

ሴፕቴምበር 26፣ ዓርብ

አስራ አንድ ፊት። አንድም አላየሁም፣ እጄ ብቻ ነው የሠራው።

ኦክቶበር 1፣ ረቡዕ

እማዬ ለኤሪቫን ደብዳቤ ልጻፍ አለች። አድራሻውስ? ስትል፣ ፎቶው የመጣበት ፖስታ ጠፋ አልኳት። ታዲያ ፈልጊው አለች። የሌለ ፖስታ ስፈልግ ዋልኩ። መሳቢያ ከፈትኩ፣ ፍራሽ ገለበጥኩ፣ የቁም ሳጥኑን ሥር በመጥረጊያ ፈተሽኩ። እሷ ወንበሯ ላይ ሆና እዚያ ጋ፣ እዚህ ጋ እያለች ትመራኛለች። ወገቤ ተቆረጠ። አንድ ውሸት ስንት ይወልዳል… ሰለቸኝ። ራሴን ሰለቸሁት።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ ደጅ ወጣች፣ እንደ ወትሮው። አንድ ነገር ገረመኝ። ደብዳቤ የሚጽፍ ልጅ ያላት ሰው አውቶብስ ትጠብቃለች? እንጃ። ልማድ ይሆናል።

ኦክቶበር 12፣ እሁድ

ጠዋት ቡና ሳልጠጣ እማዬ ጠራችኝ።

«ነይ አንሺኝ።»

ለማን እንደሆነ አላለችም፣ እኔም አልጠየቅኩም። ለሱ የሚላክ ነው የሚሆነው። ሁለት ሰዓት ተኩል ገደማ ነው፣ ጥላው ገና ደጁ ላይ ነበር። ወንበር አወጣሁላት። ሻሿን አነሳች፣ አሰብ አደረገችና ተወችው። አጭር ነጭ ፀጉሯ ቆሟል፣ ጆሮዋ ተገልጧል። አርባ ዓመት ጆሮዋን ልብ ብዬ አይቼው አላውቅም… ትልቅ ነው፣ እንደ ኤሪቫን። በካሜራው ሳያት ካሜራውን አይደለም የምታየው። እኔን ነው። ፈገግ አላለችም። ተጫንኩት፣ አንድ ጊዜ ብቻ። ሌላ እንደማያስፈልግ እጄ አወቀው።

በሕይወቴ ያነሳሁት ጥሩ ፎቶ ይሄ ነው። ለማይሄድ ደብዳቤ።

ኦክቶበር 20፣ ሰኞ

እማዬን ስክሪኑ ላይ አጎላኋት። በኦገስት ቢሆን አጥቤ አጥቤ እጨርሳት ነበር። ዛሬ ጥላውን ትንሽ አነሳሁላት፣ የግድግዳውን ስንጥቅ ተውኩት፣ ፊቷን አልነካሁም። አንዲት ነጥብ እንኳ። ሜስትሬ ከኋላዬ ቆመው አዩና፣ ሄደው ቡና አመጡልኝ። ቡና አምጥተውልኝ አያውቁም።

ከዓይኗ ዳር ሦስት መስመር አለ፣ ሦስተኛው ወደ ላይ ይታጠፋል። እኔም አለኝ። ኤሪቫንም አለው፣ እኔ ነኝ የሰጠሁት። ከሷ ወደኔ፣ ከኔ ወደሱ… ተንበርክኬ ብለምናት እንጂ ከእንግዲህ ዝም አልላትም። ቅዳሜ ግማሽ ቀን ነው የምሠራው። ቅዳሜ።

ኦክቶበር 25፣ ቅዳሜ

ነገርኳት።

ቦሎቄ እየፈለፈለች ነበር። አጠገቧ ተቀመጥኩና አንድ እፍኝ አንስቼ አብሬያት መፈልፈል ጀመርኩ፤ እጄ ሥራ ካልያዘ አፌ እንደማይፈታ አውቀዋለሁ። ከዚያ አወጣሁት። ሦስቱን ቃል፣ ጉርዱን፣ ሌብነቴን፣ ፖስታውን፣ ሁሉንም ሳልቆም።

መፈልፈሏን አላቋረጠችም።

«አውቃለሁ» አለች።

ምን?

«የዓይኑ ዳር ያንቺ ነው። ሁለታችሁንም የወለድኩ እኔ ነኝ፣ የማን የማን እንደሆነ ይጠፋኛል?»

መቼ እንዳወቀች ጠየቅኳት። የመጀመሪያውን ቀን አምናለች። በማግስቱ ጠዋት መስኮቱ ጋ ይዛው ሄዳ በብርሃን ስታየው ነው የገባት። በማግስቱ! ፀጉሯ ከመቆረጡ ስድስት ቀን በፊት ማለት እኮ ነው። ታዲያ ስለቱስ? አልኳት።

«ስለቴ ይመለስልኝ አልነበረም። እሱን መለመን ከተውኩ ስንት ዓመቴ። ሳልሞት አርጅቶ ልየው ነው ያልኩት። አየሁት። በማን እጅ እንዳሳየችኝ እመቤታችን ታውቃለች።»

ሊንዳልቫን፣ ሰፈሩን ለምን አሞኘሽ ብላት፣ ሰፈሩ አንድ ወር ደስ ቢለው ማን ተጎዳ አለች። ያን ቀን ሙሉ ፖስታ ስፈልግ ያዋልሽኝስ? አልኳት። እሱ ለቅጣትሽ ነው አለች፣ ሳትስቅ።

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽኝ፣ እማ?»

«ደክሞሽ ነበራ። መናገር እስክትችዪ ጠበቅኩሽ። መጠበቅ እንደሆነ ለምጄዋለሁ።»

አለቀስኩ። ይሄኛው የዓይን ድካም አይደለም፣ እኔው ነኝ። እሷ ሰሃኑን ከጭኔ ላይ አነሳችው፣ ቦሎቄው እንዳይረጥብ።

ኦክቶበር 31፣ ዓርብ

እማዬ ፎቶ ቤት መጣች። ብቻዋን፣ በአውቶብስ፣ የቤተ ክርስቲያን ቀሚሷን ለብሳ። ሜስትሬ ከወንበራቸው ተነሱላት፣ ቆመው ዋሉ። ጉርዱን ከጸሎት መጽሐፏ አውጥታ ጠረጴዛዬ ላይ አኖረችው። ሌላ ደንበኛ እንደሚያደርገው።

«ሙሉ ልብስ አልብሺው።»

እጄ ማውዙ ላይ ቀረ። እማ፣ እርግጠኛ ነሽ? ማን ያውቃል፣ ምናልባት…

«መርዶ ነጋሪ ስጠብቅ እኔው ደጅ ላይ ልቀር ነው። እርሜን ላውጣ፣ ኔቴ። ደክሞኛል።»

እማዬ ደክሞኛል ስትል ሰምቼ አላውቅም። በአርባ ዓመቴ፣ አንድ ቀን።

የትኛውን ኤሪቫን እንደሆነ ጠየቅኳት፣ የሃያ ሦስቱን ወይስ የኔን። ያረጀውን አለች፤ ደረቷን ነካ አድርጋ፣ ልጅነቱን እዚህ ይዤዋለሁ። አጠገቤ ተቀምጣ ታዘኝ ጀመር። ፀጉሩን ከፊት ሳሳ አድርጊው፣ ወንድሞቼ ሁሉ በሠላሳቸው ነው የተመለጡት። ጆሮውን ትንሽ ገለጥ አድርጊለት። ሆዳም ነበር፣ ጉንጩን ጨምሪለት። የጆሮውን ብርሃን በዚያው አስተካከልኩት። አባትሽ ቡናማውን ለብሷል፣ ለሱ ጥቁር ሰማያዊውን አለች። ከረባቱን ራሷ መረጠች፣ ቀዩን። ሜስትሬ ፊታቸውን ወደ መስኮቱ አዞሩ። ሽብሽቡ ላይ ስደርስ ቆምኩና አየኋት፤ የኔን ላንሳና ካንቺ ልውሰድለት?

«ተዪው። ያንቺ ይሁንለት።»

ኖቬምበር 2፣ እሁድ፣ የሙታን ቀን

ጠዋት መቃብር ወጣን። ለአባዬ አበራን። ከዚያ እማዬ ወደ ትልቁ መስቀል ሄደች፤ ሌላ አገር የቀሩት ሻማ የሚበራላቸው እዚያ ሥር ነው። አስራ አራት ዓመት ስታልፈው የኖረችው መስቀል። አንድ ሻማ ከቀሚሷ ኪስ አወጣች። ንፋሱ ሦስቴ አጠፋው፣ አራተኛው ላይ ያዘ። ሊንዳልቫ ከሩቅ አየችን፣ መጣች፣ ምንም ሳትጠይቅ የራሷን አጠገቡ አቆመች። አፏ ተዘግቶ ያየኋት ዛሬ ነው።

ከሰዓት በኋላ ኤሪቫንን ሰቀልኩት፣ ከአባዬ ጎን። ሁለት ጊዜ ተጣመመብኝ። እማዬ ወደ ግራ፣ ትንሽ ወደ ግራ እያለች አቃናችው። የሷን ፎቶ ሜስትሬ ለፎቶ ቤቱ ደጅ ማሳያ መስታወት ጠየቋት፤ ያለ ሐብል፣ ያለ ሰማያዊ፣ እንዳለች። ከሥሩ ሙሉ ስሜን ሊጽፉ ነው፤ ፎቶ አንሺ ፍራንሲኔቴ። ይሁን አለች፣ ግን ቤት ውስጥ እንዳትሰቅዪኝ፣ ገና ነኝ።

እግሬ አብጧል፣ እጄ ሰም ሰም ይሸታል። ሁለታችንም ቁጭ አልን። እሷ የነገውን ቦሎቄ ትለቅማለች።

አስራ አንድ ሰዓት ላይ አውቶብሱ መጣ። ቆመ። በሩ ሲከፈት ሰማሁት። እማዬ ቀና አላለችም። ወደ ደጁ ያየሁት እኔ ነኝ።